ለካንሰር ሕሙማን የሚለገስ ኮፍያ ግንባር ላይ መስመር የሚያስቀረው ለምንድን ነው?

ፈትል፦
ሰላም እህት ወንድሞች። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ለሚወስዱ ሰዎች የሚለገስ የሹራብ ኮፍያ እየሠራሁ ነው። ክሩ ለስላሳ አክሪሊክ፣ መርፌው 4 ሚሊ ሜትር። ያለቁት ሁለቱ ግንባር ላይ ቀይ መስመር ያስቀራሉ፤ አናቱ ላይም ከውስጥ የሚጎረብጥ ነገር አለ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ? በስንት ቀለበትስ (መርፌው ላይ በሚያዝ የክር ዙር) ልጀምር?

ጥለት፦
እህቴ፣ መስመሩ የመጣው ከአጀማመሩ ነው። መነሻው ረድፍ ከጠበቀ ጠርዙ አይለጠጥም። መነሻውን በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ ጀምሪና ወደ 4 ተመለሺ።

ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ቁራጭ ለናሙና ሥሪ፣ እጠቢው፣ ሲደርቅ ለኪው። በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ቀለበት ከወጣ ለአዋቂ 112 ይበቃል። ዙሪያው 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስለሚለጠጥ ከ54 እስከ 57 ለሚሆን ጭንቅላት ይመቻል። ክብ መርፌ ላይ ስታገናኚ መነሻው እንዳይጠመዘዝ ዙሪያውን እዪው፤ ከተጠመዘዘ መፍታት ብቻ ነው መፍትሔው።

ለጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር 2 ቀለበት ቀጥታ፣ 2 ቀለበት ግልብጥ (በተቃራኒው ፊት)፣ ከዚያ ከመነሻው 15 እስኪሞላ ሁሉንም ቀጥታ ሥሪ። ቅነሳው፦ 12 ሠርተሽ ቀጣዮቹን 2 በአንድ ላይ፣ እስከ ዙሩ መጨረሻ። አንድ ዙር ያለ ቅነሳ። ቀጥሎ 11 ሠርተሽ 2 በአንድ ላይ፣ እንዲህ እያልሽ። 56 ሲቀር በየዙሩ ቀንሺ። 8 ሲቀር ክሩን ቆርጠሽ በሁሉም ውስጥ አሳልፊና ሳቢው። ቁመቱ 22 ገደማ ይመጣል። ፀጉር ስለሌለ ጆሮና ማጅራት መሸፈን አለበት፤ አታሳጥሪው።

የሚጎረብጠው ቋጠሮው ነው። አትቋጥሪ፤ ጫፉን ወደ ውጭ አውጥተሽ በውጭ በኩል 7 ሴንቲ ሜትር ያህል በቀለበቶቹ ሥር ሸጉጪው። በሌላ ሹራብ የምንደብቀው ውስጡን ነው፤ የዚህ ኮፍያ ፊቱ ግን ውስጡ ነው።

ነርስ፦
ፀጉር ብዙውን ጊዜ ኬሞ በተጀመረ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይረግፋል፤ ያን ጊዜ የራስ ቆዳ ሲነካ ያማል። ስለዚህ ክሩን በመዳፍሽ ብቻ አትፈትኚው። አንገትሽ ሥር ጥቂት ደቂቃ አቆዪው፤ ካሳከከሽ ተዪው። ሱፍና ሞሄር (የፍየል ፀጉር ክር) አይሆኑም። አክሪሊክ ለብርድ ጥሩ ነው፣ ግን ላብ ያመጣል። ለመኝታ የጥጥ ወይም የቀርከሃ ክር ይሻላል። አበባ፣ ቁልፍ፣ ፖምፖም አትጨምሪ፤ ትራስ ላይ ይወጋል።

ሽታውን ደግሞ አደራ። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ክር ይጠጣዋል፤ ናፍታሊን ያለበት ቁም ሣጥንም እንዲሁ። ኬሞ የሚወስድ ሰው በቀላል ሽታ ያቅለሸልሸዋል። ሽታ በሌለው ሳሙና አጥበሽ ሁለት ጊዜ አለቅልቂ፣ ማለስለሻ አትጨምሪ፣ በደንብ ደርቆ በንጹሕ ፕላስቲክ ይታሸግ።

ፈትል፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥጥ ስሞክር ሲታጠብ ሰፋብኝ። በኪሮሽስ ይሆናል?

ጥለት፦
ጥጥ እንደ ሱፍ ተለጥጦ አይመለስም። ጠርዙን በ3.5 ሚሊ ሜትር ሥሪው፣ መነሻውን ግን እንዳታጠብቂ። ግማሽ ጥጥ ግማሽ አክሪሊክ ካገኘሽ ከሁሉ ይሻላል፤ ለአንድ ኮፍያ እስከ 100 ግራም ያዢ።

ኪሮሽ ይሆናል፣ ግን ይደድራል። ኪሮሹን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጊው። ቀዳዳው ከሰፋ ብርድ ያስገባል፤ እንዲያ ከሆነ ከውስጥ የቲሸርት ጨርቅ ገበር አድርጊለት፣ ስፌቱ ወደ ኮፍያው ይዙር።

ነርስ፦
ለልጆች 96 ቀለበት፣ ቅነሳው ከ12 ሴንቲ ሜትር ይጀመር፣ ቁመቱ 18። ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ከመውሰድሽ በፊት የትኛው መጠን እንደጎደለ የክፍሉን ነርስ ጠይቂ። የክሩን ዓይነትና አስተጣጠቡን በወረቀት ጽፈሽ ከእያንዳንዱ ጋር አኑሪ።