የአይጥ ጥርሶቼ እየተሰነጠቁብኝ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ!

የቀሐው፦ ሰላም ቤተሰብ። እንደ ድንጋይ የጠነከረ የዋሻ ደለል አለኝ፤ የአይጥ ጥርሶች ይታዩበታል። አቼቶ ውስጥ ሦስት ቀን ዘፈዘፍኩት፣ ተፈታ። ለቅለቅ አድርጌ በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ዛሬ ጠዋት ነጭ ነገር ተጋግሮበታል፤ አንዱን በወረንጦ ሳነሳው ለሁለት ተሰነጠቀ። የዋሻውን ዕድሜ ሐሙስ በእነዚህ ነው የማቀርበው!

ፒያሳ፦ «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባላል። ያንተዋ ከሞተች በኋላ ሰላጣ ገባች።

ጋሽ ድንጋዩ፦ ልጄ፣ ደለሉ ከየት መጣ? እኛ ጎንደር ዙሪያ ድንጋዩ ባዛልት፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ባዛልትን አቼቶ አይፈታውም።

የቀሐው፦ ከድሬዳዋ በኩል ነው ጋሼ፣ የኖራ ድንጋይ ዋሻ። አሁን ጥርሶቹን!

ጉጉት፦ ቆይ፣ በእነሱ ብቻ ዕድሜ ልትናገር ነው? አውሮፓ ይሠራል። ሚሞሚስ የሚባለው የጥንት አይጥ የመንጋጋ ጥርሱ ሥር ነበረው፤ ከእሱ የወረደው አርቪኮላ ጥርሱ ሥር የለውም፣ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የትኛው እንደተገኘ አይተው ንብርብሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። እነዚያ አይጦች እኛ አገር የሉም። አብዛኛውን ጊዜ ዋሻ ውስጥ የምታገኘው ጉጉት አድና ውጣ የተፋችውን ነው። ፍልፈል ካለበት ደግሞ ተጠንቀቅ፤ ትናንት ቆፍሮ ገብቶ ጥንታዊ ንብርብር ውስጥ ይሞትብሃል።

አዘዞ፦ ፓራሎይድ፣ ያ ማጠንከሪያ ሙጫ፣ ቀባበት፤ ይጠነክራል።

ማራኪ፦ ኧረ እንዳትቀባ! ነጩ ነገር አሲዱና ኖራው የፈጠሩት ጨው ነው። ሲደርቅ ጥርሱ ውስጥ እያደገ ይሰነጥቀዋል። አሁኑኑ ንጹህ ውኃ ውስጥ መልሰው፣ በየቀኑ ቀይር። አሲድ ውስጥ ከቆየበት በእጥፍ ይዘፍዘፍ፤ ላንተ ሳምንት ያህል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ፓራሎይድ በአሴቶን ቀጥኖ የሚገባው ከደረቀ በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ አቼቶው ላይ ካልሲየም ፎስፌት ጨምርበት፣ ያለዚያ ጥርሱንም ይበላዋል።

አዘዞ፦ እኮ፣ ፓራሎይድ።

የቀሐው፦ ሳምንት?? ሐሙስ እኮ ነው!

ማራኪ፦ በፎቶ አቅርብ።

ጋሽ ድንጋዩ፦ ከደለሉ በላይና በታች በጠብታ የተጋገረ ኖራ ካለ ዩራኒየም-ቶሪየም የሚባለው የዕድሜ መለኪያ እስከ 500,000 ዓመት ገደማ ይለካልሃል። የካርበን መለኪያ 50,000 ዓመት ላይ ያበቃል። የትኛው ጥርስ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ጽፈሃል?

ፒያሳ፦ ዝም አለ። አልጻፈም ማለት ነው።

ማራኪ፦ የቀሐው፣ ሐሙስ አለፈ። ጥርሶቹስ?