"ድሃ ሲቸግረው ይሰርቃል" ብዬ ጽፌ ከ20 6 አገኘሁ፤ ማርክሲስቶች ስለ ወንጀል የሚሉት ታዲያ ምንድን ነው?

ቤዛ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በማታው ክፍለ ጊዜ የሶሲዮሎጂ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። "ማርክሲስቶች ወንጀልን እንዴት ያብራሩታል?" ለሚል አሳይመንት ሦስት ገጽ ሙሉ ካፒታሊዝም ድሃ ያበዛል፣ ድሃ ደግሞ ሲቸግረው ይሰርቃል እያልኩ ጻፍኩ። መምህሩ ጠርዙ ላይ በቀይ "ሕጉስ?" ብሎ መለሰልኝ። በቃ፣ አንዲት ቃል። እስከ ሐሙስ አስተካክዬ ማስገባት እችላለሁ። ምን ማለቱ ነው?

ታምሩ፦ እህቴ፣ አንቺ የጠየቅሽው ድሃው ለምን ሰረቀ ብለሽ ነው። እነሱ ከዚያ በፊት "ስርቆት ነው ያለው ማነው?" ይላሉ። ራሱ ማርክስ የ24 ዓመት ጋዜጠኛ ሳለ፣ በ1842 እ.ኤ.አ. የጻፈውን ውሰጂ። በጀርመን ራይን አውራጃ ድሃው ከጥንት ጀምሮ የወደቀ ጭራሮ ከጫካ እየለቀመ ነበር የሚያነደው። እንጨት ሲወደድ ባለደኖቹ የተቀመጡበት የአውራጃው ምክር ቤት ጭራሮ መልቀምን ከስርቆት ልቁጠረው አለ። ሴትዮዋ ዛሬም ያደረገችው ትናንት ያደረገችውን ነው፤ ጎንበስ ብላ ጭራሮ አነሳች። ሌባ ያሰኛት ሕጉ ነው። ነገሩም ትንሽ አልነበረም፦ በ1836 በፕሩሲያ ከተመሠረቱት 200 ሺህ ገደማ ክሶች 150 ሺህ ያህሉ የእንጨትና የደን ጉዳይ ነበሩ።

ችሎት ተመላላሽ፦ ቻምብሊስ የተባለው አሜሪካዊ በ1964 ስለ እንግሊዝ የቦዘኔነት ሕግ የጻፈውንም ጨምሪ። ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ሠራተኛውን ፈጅቶት የተረፈው ደመወዝ ጨምሩልኝ ማለት ሲጀምር፣ በ1349 የወጣው ትእዛዝ በድሮው ደመወዝ እንዲሠራ አስገደደው፤ ጉልበት ላለው ለማኝ መመጽወትም ተከለከለ። ቻምብሊስ ይህ የተደረገው ለባለመሬቱ ርካሽ ጉልበት እንዳይጠፋ ነው ይላል።

ከዚያ የኛን የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996ን አጠገቡ አስቀምጪ (1996 በኛ ነው፣ እንዳታምታቺው)። መሥራት እየቻለ የሚታወቅ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ይመለከታል። መተዳደሪያ ማጣት ብቻውን ግን አያስከስስም፣ ከተዘረዘሩት ድርጊቶች በአንዱ መገኘት አለበት፤ ይህን ከዘለልሽው የሕግ ሰው ይይዝሻል። አባቱ ቤት ተኝቶ የሚውል የሀብታም ልጅም መተዳደሪያ የለውም። በዚህ አዋጅ ሲቀርብ ግን እኔ አላየሁም።

ጋሽ በየነ፦ ልጄ፣ እኛ በደርግ ጊዜ "ወዛደር"ን እና "ከበርቴ"ን በውይይት ክበብ ስንሸመድድ ወንጀል ከከበርቴው ጋር አብሮ ይቀበራል ተብለን ነበር። ከበርቴው ተወረሰ፣ ሌባው ግን አልጠፋም። ጭራሽ እህል ያከማቸ ነጋዴ በ"ኢኮኖሚ አሻጥር" ይያዝ ጀመር፤ ትናንት ንግድ የነበረው ማለት ነው። የታምሩን ጥያቄ እዚያም ጠይቂው፦ ወንጀል ያለው ማነው? ማርክሲስቶቹ ይህን ጥያቄ ወደ ራሳቸው ሲያዞሩ ብዙም አላየሁም።

ሰላም፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ቤዛዬ፣ ትችት ላይ ጆክ ያንግን እንዳትረሺ። በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የወንጀል ጥናትን በማርክስ መነጽር ያየ ሰው ነው፤ በ1984 ግን ከጆን ሊ ጋር ሆኖ የሚዘረፈውም ድሃው ነው፣ ይህን ለቀኝ ክንፍ ፖለቲከኞች አንተውላቸው አለ። እኔ ታክሲ ተራ የተነጠቅኩት ስልክ የሦስት ወር ቁጠባዬ ነበር፤ የነጠቀኝ ልጅ ከበርቴ መስዬ ታይቼው ከሆነ እንጃ። ሌላው፣ አሜሪካዊውን የወንጀል ተመራማሪ ሰዘርላንድን ማርክሲስት ብለሽ እንዳትጽፊ። የ70 ትልልቅ ኩባንያዎችን ጥፋት በ1949 ቢያጋልጥም ማርክሲስት አልነበረም፤ መረጃውን ነው እነሱ የሚጠቀሙበት።

ቤዛ፦ ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ሰዘርላንድን እንዳላችሁት ማርክሲስት ብዬው ነበር፣ ገጽ ሁለት ላይ 😅 መግቢያውን ከጭራሮዋ ሴትዮ ልጀምር ነው። አዋጁን ግን የት ነው የማገኘው?

ችሎት ተመላላሽ፦ የ1996 ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ። ቤተ መጻሕፍት በዓመት አስጠርዘው ያስቀምጡታል፤ አማርኛው በግራ ዓምድ ነው።