«ስንተኛ ወጣህ?» ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃ ይቅር ወይስ ይቀጥል?

አወያይ፦ የግማሽ ዓመት ካርድ ሰሞኑን ታድሏል። 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ ልጆች ትምህርት እየሰለቻቸው ነው የሚል ቅሬታ ከወላጅም ከመምህርም በዝቷል። አንዳንዱ በደረጃ ያሳብባል። ካርድ ላይ «ከ56 ተማሪ 43ኛ» ብሎ መጻፍ ልጅን ያተጋል ወይስ ተስፋ ያስቆርጣል? ስድብ የለም። ፖለቲካም የለም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይቅር! ልጄ 4ኛ ክፍል እያለ ቁርሱን ሳይጨርስ ነበር ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው። ዘንድሮ 5ኛ ገባ፤ 43ኛ ወጣ። ካርዱን ሦስት ቀን ደበቀኝ። ሳገኝበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እማ፣ እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ።» የሚገርመው ሒሳብ ከ61 ወደ 70 ከፍ ብሏል። ማንም አላየለትም። እውነቱን ልናገርና እኔም መጀመሪያ ያየሁት ደረጃውን ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ አንጀቴን በላሽው። ግን ይቀጥል ባይ ነኝ። 34 ዓመት አስተምሬያለሁ። በወላጆች ቀን ከ1 እስከ 3 የወጡት ደብተር ሲሸለሙ፣ አራተኛው ልጅ ለሚቀጥለው ሴሚስተር እንቅልፍ ያጣል። በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ኑሮ ራሱ ውድድር ነው። ከ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የ2015ቹ ደግሞ 3.2። እኛ ብናባብላቸው ፈተናው አያባብላቸውም።

ባለ ቾኩ (6ኛ ክፍል ሒሳብ)፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። አራተኛውስ ይተጋል። አርባኛውስ? ክፍሌ ውስጥ ለሽልማት የሚፎካከሩት ስምንት ቢሆኑ ነው። ሌላው ገና በመስከረም ቦታውን ያውቃል። ያ 3.3 በመቶ ያሉት ደግሞ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። እነዚያ ልጆች በሙሉ በደረጃ ነው ያደጉት።

የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፦ እኛ ሞክረነው ነበር። 5ኛ ክፍል ላይ ደረጃ አስቀረን። ወላጅ ቢሮዬ በር ላይ ተሰለፈ። «ከፍለን ነው የምናስተምረው፣ ስንተኛ እንደወጣች ንገሩን!» ጭራሽ እናቶች በቴሌግራም አማካይ ውጤት ተለዋውጠው ራሳቸው ደረጃ አወጡ። በሁለተኛው ሴሚስተር መለስነው። እና አስተማሪውን ብቻ አትውቀሱ።

ጡረተኛው መምህር፦ ይኸው! ደግሞስ ደረጃ ከቀረ በምን ልታተጉ ነው? በዱላ?

ባለ ቾኩ፦ ዱላማ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከልክሎታል፤ ዛሬም በየክፍሉ መኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ለእኔ ችግሩ ከደረጃ ይልቃል። ከ1 እስከ 4 በብዙ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ነው ሁሉንም የሚያስተምረው። ማን ቁርስ እንዳልበላ፣ የማን እናት እንደታመመች ያውቃል። 5ኛ ሲገቡ ግን በየ40 ደቂቃው ሰው ይቀያየርባቸዋል። እኔ አምስት ክፍል እገባለሁ። 280 ልጅ ነው። እስከ ኅዳር ስማቸውን አልይዝም። «አንተ፣ መስኮቱ ጋ ያለኸው» እያልኩ ነው የማስተምረው። እንዲህ የተጠራ ልጅ ምን ሊተጋ?

አንድ ነገር ላውጋችሁ። ኋላ ወንበር አንድ ልጅ አለ፣ ዝም ብሎ የሚውል። እናቱ ጉሊት ትቸረችራለች፤ ከሰዓት እሱ ነው መልስ የሚሰጥላት። ይህን የሰማሁት በአጋጣሚ ነው። የመቶኛ ትምህርት ላይ «በ80 ብር የተገዛ ሽንኩርት በ100 ቢሸጥ ትርፉ ስንት በመቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሌላው እስክሪብቶ ሳያነሳ ይኸው ልጅ «25!» አለ። ቀጥሎ «ቲቸር፣ የበሰበሰውስ አይቀነስም?» አይለኝም! ሙሉ ፔሬዱን በበሰበሰው ሽንኩርት ጨረስነው። ከዚያ ወዲህ እጁን ያወጣል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ወይ ጉድ! የእኔንም እንዲህ የሚያየው ቢያገኝ።

ርዕሰ መምህርት፦ ደስ ይላል። ግን 280 ልጅ አንድ በአንድ ይጠየቃል?

ባለ ቾኩ፦ አይቻልም። በእረፍት ሰዓት በቀን ሁለት ልጅ አናግራለሁ። ደብተር ሳርም ከማርኩ አጠገብ «ካለፈው 4 ጨምረሃል» እላለሁ። በቃ፣ አቅሜ ይኸው ነው።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ፦ በወንድሜ ስልክ ነው የምጽፈው። እኛን የጠየቀን የለም እኮ። ደረጃው ካርድ ላይ ቢጻፍ አይከፋኝም። የሚያስጠላኝ ውጤት ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው። ያውም ከመጨረሻው ጀምሮ። ከዚያ ቀን በኋላ የዚያን መምህር ትምህርት ማጥናት ያስጠላኛል።

ጡረተኛው መምህር፦ ከመጨረሻው ጀምሮ ማንበብማ እኔም አድርጌዋለሁ። ያኔ ቀልድ ይመስለን ነበር። እሺ፣ ጮክ ተብሎ መነበቡ ይቅር። ካርዱ ላይ ግን ይኑር፤ ከዚህ አልወርድም።

ባለ ቾኩ፦ ካርዱ ላይ ከሆነ ካለፈው ምን ያህል እንደጨመረም ይጻፍ። የእህታችን ልጅ 70ው ቢታይለት ኖሮ ካርዱን ባልደበቀ።

ጡረተኛው መምህር፦ በዚህስ እስማማለሁ። ለመሆኑ ያ የሽንኩርቱ ልጅ ስንተኛ ወጣ?

ባለ ቾኩ፦ ጋሼ፣ እርስዎም! 38ኛ።