የጋሪ ፈረስ እግሩ ተሰብሮ መንገድ ዳር ወድቋል፤ ባለቤቱ በመርፌ እንዲያርፍ አልፈቀዱም፤ እባካችሁ ከመምሸቱ በፊት መልሱልኝ

ጠያቂ (የወረዳ እንስሳት ሐኪም)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር አልፏል። ዋናው መንገድ ዳር አንድ የጋሪ ፈረስ የግራ የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ ወድቋል፤ ለመነሳት በሞከረ ቁጥር እግሩ ይንጠለጠላል፣ መላ ሰውነቱም በላብ ርሷል። በእኔ ግምት ይህ እንስሳ አይድንም፤ ሥቃዩን ማሳጠርም የሙያ ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቤቱ ግን በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ «ነፍሱን የሰጠ ይውሰዳት፤ እናንተ አትንኩት» ብለው ከአጠገቡ ቆመዋል። አካባቢው ሌሊት ጅብ የሚዘዋወርበት ነው። በክሊኒካችን እንስሳን ያለ ሥቃይ የሚያሳርፈው ፔንቶባርቢታል የተባለው መድኃኒት የለም፤ በእጄ ያሉት ዛይላዚን (የሚያረጋጋ መድኃኒት)፣ ሊዶኬይን (አካልን የሚያደነዝዝ መድኃኒት) እና የሕመም ማስታገሻ ብቻ ናቸው። ያለ ፈቃዳቸው ፈረሱን ባሳርፈው ምን ይከተለኛል? ባልነካውስ በሕሊናዬ ፊት ምን እላለሁ?

የወጌሻ ልጅ፦ እህቴ፣ ለመግደል አትቸኩዪ። አባቴ በወጌሻነት የታወቁ ነበሩ፤ የተሰበረ እግር በቀርከሃ አስረው ያዳኗቸውን በጎችና ጥጆች በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ ወጌሻ የሚሹ ከሆነ ይፈቀድላቸው።

ከሆለታ፦ ጥያቄሽ ዋናውን ነገር አልያዘም። አጥንቱ ቆዳውን በጥሶ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ፈረሱ ወጣት ነው ወይስ ያረጀ? ከጉልበት በታች የደረሰ፣ ቆዳው ያልተቀደደ ስብራት ውርንጭላ ወይም ቀላል ክብደት ያለው አህያ ላይ ከሆነ በጀሶ ታስሮ የሚድንበት ዕድል አለ። ስለዚህ «የእግር ስብራት ሁሉ የሞት ፍርድ ነው» ከሚለው መነሻ ጋር አልስማማም።

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ግልጽ ነው ብዬ ስላሰብኩ አልጻፍኩትም። አጥንቱ ወጥቷል፣ ቁስሉም በአፈርና በጠጠር ተሞልቷል። ፈረሱ ሙሉ ዕድሜ ላይ ያለ ነው።

የጋማ ከብት ሕክምና መምህር፣ ቢሾፍቱ፦ እንግዲያው ግምትሽ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን ለባለቤቱ በሚገባ ማስረዳት ይኖርብሻል። ፈረስ እንደ ውሻ በሦስት እግር እያነከሰ ለወራት መኖር አይችልም። ክብደቱ ጤነኛ በሆነው እግር ላይ ሲጫን በኮቴው ውስጥ አጥንቱን ከኮቴው ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይቆጣና ይላቀቃል፤ ያኔ የቆመበት እግርም ይከዳዋል። ተኝቶ እንዲከርም ቢደረግ ደግሞ ጡንቻው ይጎዳል፣ አንጀቱም ይታወካል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካውን የኬንታኪ ደርቢ ያሸነፈው ባርባሮ የተባለው ፈረስ በዚያው ዓመት በሌላ ውድድር ላይ የኋላ እግሩ ተሰብሮ፣ የተሟላ መሣሪያ ባለው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ገንዘብም ዕውቀትም ሳይጎድል፣ በዚሁ የኮቴ ሕመም ምክንያት በጥር 2007 በሐኪሞቹ እጅ እንዲያርፍ ተደረገ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ሥራ የጋማ ከብቶች ደህንነት ባወጣው ምዕራፍ እንስሳት ሥራ ሲያቆሙ ሜዳ ላይ መጣል እንደማይገባ አስቀምጧል። በየከተሞቻችን ዳርቻ ለጅብ የሚተው ፈረስ የሚገጥመው ሞት የፈጣሪ ፈቃድ ተብሎ መጠራቱ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል፤ ያ ሞት ሰዎች በመራቃችን የሚመጣ ነውና።

አማኝ፦ መምህር፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። እኝህ አባት ጨካኝ አይደሉም። ፈረሱ ለዓመታት አብሯቸው ደክሟል፤ የማይበላ እንስሳን በእጅ መግደል በብዙዎቻችን ዘንድ ነውርም ፍርሃትም ነው። በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. በሕዝብ ተቃውሞ የተዘጋው ይህ ስሜት ጥልቅ ስለሆነ ነው። ሐኪም «ይሙት» የሚለውን ቃል ካቀለለው፣ ነገ ያረጀና መሸከም ያቃተው እንስሳ ሁሉ ለመርፌ እንዳይቀርብ እሰጋለሁ።

የጋማ ከብት ሕክምና መምህር፣ ቢሾፍቱ፦ ስጋትዎን እጋራለሁ። ያረጀ ነገር ግን ያልታመመ ፈረስ ቢያመጡልኝ መርፌ አልይዝም። የዛሬው ጉዳይ ግን ፈረሱ ሞቱን ጀምሯል፤ በእኛ እጅ የቀረው ሞቱ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ ወይስ ደቂቃዎች የሚለው ብቻ ነው።

የወጌሻ ልጅ፦ ቀርከሃው ካልተገኘ የፕላስቲክ ቧንቧ ለሁለት ተሰንጥቆ ሊታሰር ይችላል። አሁንም ወጌሻ ይጠራ እላለሁ።

ቀድሞ የጋሪ ነጂዎች ማኅበር ጸሐፊ፦ ሐኪሟ አንድ ነገር አልነገረችንም። ፈረሱ እንዴት ተሰበረ? መኪና ገጭቶት ከሆነ አዛውንቱ የሚፈሩት ኃጢአቱን ብቻ ላይሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ አዎን፣ አይሱዙ ገጭቶት ነው። ሹፌሩ አላመለጠም፣ መኪናውን አቁሞ ከሰዎች ጋር እየተነጋገረ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ገና አልመጣም። አሁን ሄጄ ስጠይቃቸው አባት ምን አሉኝ፦ «ፈረሱ በእናንተ መርፌ ከሞተ፣ ሹፌሩ የገደለው ሐኪም ነው ይላል።»

ቀድሞ የጋሪ ነጂዎች ማኅበር ጸሐፊ፦ ይህንኑ ነበር የጠረጠርኩት። ያ ፈረስ የእንጀራ ገመዳቸው ነው፤ ካሳውን ካጡ ሌላ ፈረስ መግዣ የላቸውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ መኪናውም የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። አንቺ ማድረግ ያለብሽ ፖሊሱ በአስቸኳይ እንዲመጣ ማስጠራት፣ ስብራቱን ከታርጋው ጋር ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም ፈረሱ በግጭቱ ምክንያት ሊድን የማይችል ጉዳት እንደደረሰበትና የሚያርፈው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ በክሊኒኩ ማኅተም ጽፈሽ አንዱን ቅጂ ለፖሊስ፣ ሌላውን ለአባት መስጠት ነው። ወረቀቱ እጃቸው ሲገባ ፈቃዳቸውን በምስክር ፊት ጠይቂያቸው። ያለ ፈቃድ ግን አትንኪው፤ የሰው ንብረት ነውና ነገ ተከሳሿ አንቺ ትሆኛለሽ፣ በዚያ ቀበሌ የታመመ እንስሳ ወደ ክሊኒክ የሚያመጣ ሰውም ታጫለሽ።

ከሆለታ፦ በዚህ ምክር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ መነሻሽን የተቃወምኩትም አጥንቱ መውጣቱን ሳላውቅ ነበር። ፖሊሱ እስኪደርስ የሕመም ማስታገሻውን አሁኑኑ ስጪው፤ ለዚህ ባለቤቱ እምቢ አይሉሽም። ዛይላዚን ያረጋጋዋል እንጂ ብቻውን አያሳርፈውም፤ በእሱ ብቻ ብትሞክሪ ፈረሱ በግማሽ ንቃት ይሠቃያል። ነቅቶ ላለ እንስሳ ልብን የሚያቆመውን ፖታሲየም ክሎራይድ መስጠትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ይህን የምጽፈው ፔንቶባርቢታል ሲጠፋ አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን መንገድ ሲያነሱ ስለሰማሁ ነው። ከአቅራቢያው ሆስፒታል ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ በሕጋዊ ደብዳቤ ከተገኘ፣ ፈረሱ በጥልቅ ማደንዘዣ ሥር ከሆነ በኋላ ሊዶኬይንን ወደ አከርካሪው ፈሳሽ በመስጠት ማሳረፍ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያው የተቀበለው ዘዴ ነው። መጠኑንና አወጋጉን ከዚህ ቀደም የሠራ አንጋፋ ሐኪም በስልክ ይምራሽ። ይህ ካልተቻለ ሥልጠና ያለው ፖሊስ አንቺ በምታሳዪው የግንባር ነጥብ ላይ በአንድ ጥይት ያሳርፈው፤ ነጥቡ ከሁለቱ ዓይኖች ወደ ተቃራኒ ጆሮዎች የሚሰመሩት መስመሮች ከሚገናኙበት ትንሽ ከፍ ይላል።

የጋማ ከብት ሕክምና መምህር፣ ቢሾፍቱ፦ ሬሳውንም አስቡበት። በፔንቶባርቢታል ያረፈ እንስሳን የሚበላ ጅብ፣ ውሻና ጥንብ አንሳ ይመረዛል፤ በአገራችን ከሚገኙት ጥንብ አንሳዎች በርከት ያሉት ዝርያዎች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ተመዝግበዋል። ሊዶኬይን ከዚህ አንጻር የተሻለ ነው፤ ቢሆንም ጥልቅ ጉድጓድ እንዲቆፈር ለቀበሌው ከአሁኑ ንገሪ። አባትም መርፌው ሲሰጥ አጠገቡ ሊቆሙ ወይም ሊርቁ ይችላሉና ምርጫውን ለእርሳቸው ተዪላቸው።

አማኝ፦ ጉዳዩ የካሳ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ንግግሬን ከዚያ እጀምር ነበር። ለአባት ከእኛ ወገን የሚያረጋጋቸው ሰው ቢያስፈልግ የአጥቢያው ቄስ እንዲያናግሯቸው ሐሳብ አቀርባለሁ።

አዲስ ተመራቂ፦ እኔም የተመደብኩት መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ባለ ወረዳ ነው። በማኅተም የሚሰጠው ወረቀት ላይ የግጭቱ ሰዓት፣ የስብራቱ ዓይነትና የታርጋ ቁጥር ከመጻፋቸው በተጨማሪ የፈረሱ የገበያ ግምት መግባት አለበት ወይስ ግምቱን የሚሰጠው ሌላ አካል ነው?