አዲስ ኮርስ ይቅር፣ ሐረማያን እናስተምር፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ውይይት

አስተባባሪ፦ ሰላም ባልደረቦች። የፕሮፖዛላችን ረቂቅ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ዘላቂ ልማት አዲስ ኮርስ ይከፈት ይላል። እስቲ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

ከጂኦግራፊ፦ አዲስ ኮርስ አልደግፍም። እስኪጸድቅ ስንት ዓመት ልንጠብቅ ነው? አንድ እውነተኛ ጉዳይ እንምረጥና ሁላችንም በያዝነው ኮርስ ውስጥ እናስገባው። የእኔ ምርጫ ሐረማያ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ እዚያው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫ ሥር ደረቀ። ሐረር የምትጠጣው ከእሱ ነበር። ከተማው ይስባል፣ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በሞተር ይስባል፣ ከተራቆተው ተራራ ደለል ይወርዳል። ሙቀቱና ትነቱም አለ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውኃ መልሶ ያዘ። ለምን ደረቀ? ለምን ተመለሰ? ሁሉን በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ የለመደ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስባል።

ከኢኮኖሚክስ፦ ይሁን። ግን «የገበሬውን ግንዛቤ ማሳደግ» የሚለውን አንቀጽ በናታችሁ አውጡልኝ። ገበሬው ውኃ እንደሚያልቅ ጠፍቶት አይደለም። ጫት ገንዘብ ያመጣል። ጎረቤቱ እየሳበ እሱ ብቻ ሞተሩን ቢያጠፋ ምን ያተርፋል? ተማሪዎች በዚህ ይከራከሩ።

ከፊዚክስ፦ እኛንስ ረሳችሁን? ሐይቁ ሲደርቅ ለሐረር ውኃ የመጣው ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 700 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ የፓምፑን ብክነት ሳንቆጥር፣ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው። ሐይቁ በነጻ ይሰጠን የነበረው ምን እንደሆነ ከዚህ ይጀምር።

ከጂኦግራፊ፦ ይግባ! ይቺ ምርጥ ናት።

ከባዮሎጂ፣ ባሕር ዳር፦ ጥሩ ነው፤ ግን የእኔ ተማሪዎች ሐረማያን አይተውት አያውቁም። እኛ ደጃፍ ጣና አለ፣ እምቦጭ አለ። የመስክ ጉዞ በጀት ጠይቀን ስንት ጊዜ ባዶ እጃችንን እንደተመለስን ታውቃላችሁ። በእግር የሚደረስበት ይሻለናል።

አስተባባሪ፦ እንግዲያው እንዲህ እንጻፈው። ሐረማያ የጋራ ማሳያ ይሁን፤ የመስክ ሥራውን እያንዳንዱ ኮሌጅ ቅርቡ ባለ ውኃ ላይ ይሥራ። የአዲስ ኮርሱ ሐሳብ ወጥቷል። የፊዚክሱን ስሌትና የኢኮኖሚክሱን ክርክር አባሪ አደርጋለሁ።

ከኢኮኖሚክስ፦ ውጤትስ? ነጥብ ካልተያዘበት ተማሪው ዞር ብሎ አያየውም።

አስተባባሪ፦ ከተከታታይ ምዘናው 15 በመቶ ብዬ አስገባለሁ። የሚቃወም እስከ ዓርብ ይናገር።