አርመን ሀገር ሄጄ "አርሴማ" ብል ማን ይገባዋል?

የአርሴማ አባት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለቤቱ። ለሥራ ወደ አርመን ዋና ከተማ ወደ የሬቫን ልሄድ ነው። እናቴም "የአርሴማን ሀገር ሳላይ አልሞትም" ብላ ሙጭጭ ስላለች አብራኝ ትመጣለች። የልጄን ስም ያወጣችውም እሷ ናት። ችግሩ፣ አንድ አርመናዊ የሥራ ባልደረባዬን ስለ ቅድስት አርሴማ ብጠይቀው ስሙን ጭራሽ ሰምቶት አያውቅም። እዚያ ምን ብዬ ልጠይቅ? ቤተ ክርስቲያኗ ሩቅ ነው? በዚህ ስም የሚጠሩ ሌሎች ታዋቂ ሴቶች ካሉም ንገሩኝ፤ ልጄ "ከቅድስቷ ሌላ ማን አለ?" እያለች ነው።

ሊያ፦
ባልደረባህ አይፈረድበትም፤ እነሱ የሚሏት ህሪፕሲሜ ነው። ሩሲያኛ የለመደ ሰው ደግሞ "ህ"ን ትቶ ሪፕሲሜ ይላል። ለታክሲ ነጂ "ሱርብ ህሪፕሲሜ" በለው፣ ቅድስት ማለት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግህም። ቤተ ክርስቲያኗ ያለችው ቫጋርሻፓት ነው። ብዙ ሰው እስካሁን በቀድሞ ስሙ ኤችሚያድዚን ይለዋል። ከየሬቫን በስተ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስም አለ። ሕንፃውን በ618 እ.ኤ.አ. ያሠሩት የአርመን ቤተ ክርስቲያን መሪ (ካቶሊኮስ) የነበሩት ኮሚታስ ናቸው። ያኔ የተሠራው ነው እስከ ዛሬ የቆመው! መቃብሯ ከመሠዊያው በታች ስለሆነ በደረጃ ይወረዳል። እናትህን እዚያ ሳታወርዳት እንዳትመለስ።

ዘካርያስ፦
እኛ አርሴማን ለምናከብርበት ለመስከረም 29 ለመድረስ አስበህ ከሆነ ይቅርብህ። የእነሱ በዓል ከፋሲካ ጋር ስለሚቆጠር ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው የሚውለው፤ ቀኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል። ታሪኩ ግን እኛ የምናውቀው ነው። ከዲዮቅልጥያኖስ ሸሽታ ከሮም መጣች፣ ንጉሥ ድርጣድስ ላግባሽ ቢላት እምቢ አለች፣ ከነእመምኔቷ ሰማዕት ሆነች። ንጉሡም እንደ እርያ ሆነ፤ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ከታሰረበት ጉድጓድ ወጥቶ ፈወሰው። አርመኖች ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረጉት ከዚህ በኋላ ነው፤ ዘመኑንም 301 እ.ኤ.አ. ይሉታል። እንግዲህ በትውፊቱ ከሄድን አርሴማ አርመን ሀገር የመጣች እንግዳ ናት። ስሙን ግን እንደ ራሳቸው ይዘውታል።

ቤዛ፦
ለልጅህ፦ ህሪፕሲሜ ኹርሹድያን የምትባል ክብደት አንሺ አለች። በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ከ75 ኪሎ በላይ በሆኑት ምድብ ነሐስ አግኝታ ነበር። ሙሉውን ንገራት ካልክ፣ ሜዳልያው በኋላ በዶፒንግ ምክንያት ተነጥቋል።

ከእኛ ወገን ደግሞ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችው ተዋናይት አርሴማ ቶማስ አለች። በ2023 በወጣው የኔትፍሊክስ "ኩዊን ሻርሎት" ላይ የወጣቷን ሌዲ አጋታን ገጸ ባሕርይ ተጫውታለች። በእኛ ስንክሳር የአርሴማ እመምኔት ማን ትባላለች? አጋታ! አጋጣሚ ነው፣ ግን እኔ ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል።

የአርሴማ አባት፦
ቤዛ፣ ይቺን ለእናቴ ስነግራት "አጋጣሚ አይደለም" ነው የምትለኝ። አጋታስ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አላት?

ቤዛ፦
አላት፤ ግን እነሱ ጋ ጋያኔ ነው ስሟ። አርመኖች ሴት ልጆቻቸውን በሱም ይጠራሉ።

መንገደኛው፦
ጋያኔም እዚያው ቫጋርሻፓት ናት፤ በ630 እ.ኤ.አ. የተሠራች። የኤችሚያድዚን ካቴድራልም እዚያው ስለሆነ ሦስቱን በግማሽ ቀን ትጨርሳላችሁ። ለእናትህ አስቀድመህ ንገራት፦ እዚያ ጫማ አይወለቅም። እንደኛ አውልቃ በር ላይ ብታስቀምጠው ሰው ግራ ይገባዋል። ነጠላዋን ግን ትያዝ። ስትወጡ ለመሠዊያው ጀርባ አይሰጥም፤ ሰዎቹ ወደ ኋላ እየተራመዱ ሲወጡ ታያለህ። ጧፍ እዚያው ይሸጣል።

ሌላ ቀን ከተረፋችሁ ኾር ቪራፕ ሂዱ፤ ጎርጎርዮስ 13 ዓመት ታስሮበታል የሚሉት ጉድጓድ ነው። ከየሬቫን በስተ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአራራት ተራራም ፊት ለፊት ይታያል። ጉድጓዱ 6 ሜትር አካባቢ ይጠልቃል፣ የሚወረደውም በጠባብ የብረት መሰላል ነው። አንተ ውረድ፤ እማማ ግን ላይ ሆነው ይጠብቁህ።

የአርሴማ አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሰላሉን ግን ከእሷ ጋር እናንተ ተከራከሩልኝ፤ እኔን አትሰማኝም።