ሐዘናቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ፤ ልጁ ግን ከእህቱ ለምን ተለየ?

የማርቆሷ
ሰላም ናችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። እህቴ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ልጆቿ እኔ ጋ ናቸው። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። ገጠር እያሉ ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ከተዘጋ ጀምሮ ከደብተር ተለያይቷል፣ እዚህ ባስመዘግበውም አይሄድም፣ ተኝቶ ይውላል፣ ሳናግረው «እሺ» ብቻ። እህቱ 12 ናት። እሷ ትማራለች፣ ትስቃለች፣ ቡናውን የምታፈላው እሷ ናት። ጎረቤት «ሰነፍ ነው፣ ቆንጠጥ አድርጊው» ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

ጣና ዳር
እህቴ፣ ቆንጠጡን ተይው። ሥራዬ ከልጆች ጋር ነው። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን ተመራማሪዎች እስከ 40 ዓመታቸው ድረስ ተከታትለዋል። በድህነትና በቤት ጠብ ክፉኛ ተፈትነው ካደጉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደህና ሰው ወጣቸው። አያትም ይሁን አስተማሪ፣ የሚቀርባቸው ሰው ነበራቸው። ሌሎቹም ጠፍተው አልቀሩም፤ በጉርምስናቸው ካስቸገሩት ብዙዎቹ 30ዎቹን ሲይዙ ተስተካክለዋል። ስለዚህ አልረፈደም። ልጅቷ ቡና ስታፈላ ጎረቤቱ ሁሉ ያናግራታል፣ ይመርቃታል። እሱንስ ማን ያናግረዋል?

የድሮ ቆሎ ተማሪ
ልክ። እኔን በልጅነቴ ከቤት ወጥቼ «ችግር አጠነከረህ» ይሉኛል። ችግሩማ ብርድና ውሻ ነው፣ ምን ያጠነክራል! ያጸናኝ ጎጆ የተጋራሁት ትልቁ ተማሪ ነው። የለመነውን ቁራሽ ያካፍለኛል፣ ማታ ማታ ያስቀጽለኛል። በኋላ እኔም ታናናሾቼን ማስቀጸል ስጀምር ነው ለካ እኔም እፈለጋለሁ ያልኩት። አጎት ካለው ወንፈል ይውሰደው። ወይ ሂሳብ እህቱን ያስጠናት። ምክር አታብዢበት ብቻ።

እናት ነኝ
ልጅቷንም እያት እንጂ! እናቷ ሞታ የቤቱን ሥራ የያዘች የ12 ዓመት ልጅ «ጎበዝ» ስለተባለች ደህና ናት ማለት አይደለም። አንዳንዴ ቡናውን አንቺ አፍልተሽ እሷ ትጫወት። ልጁ ደግሞ እህል ከተወ ወይ ስለ መሞት ካወራ ሳትውይ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጂው። ጸበልም ከሄደ ይሂድ፣ ከሕክምናው ጋር አይጣላም።

የማርቆሷ
እግዜር ይስጣችሁ። አጎቱ ደምበጫ አለ፣ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ። ልጅቷን ግን አላሰብኩትም ነበር፣ ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከትናንሾች ጋር መቀመጥ ስለሚያፍር የማታ ትምህርት በ15 ዓመት ይቀበላሉ ወይ? የሚያውቅ ካለ።